የ«ኢትዮጵያ» መርከብ የዕንጨት አምሳያ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት በእጅ ሥራ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥናት መርከብ ርዝመቷ 94 ሣንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር፣ ወርዷ 12 ሣንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ነው። የተሠራችው ከዋንዛና ከዝግባ ዕንጨት ነው። ከጧት ጀምሮ ከእንግዶቻችን አንዳንዶቹ ከወዴት አገር እንደ ተገዛች ሲጠያየቁ ሰምተናል። አልተገዛችም። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በእጅ ሥራ ክፍላችን፣ በመጋዝና በመሮ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የተሠራች ናት። ክቡር ዲሬክተራችን ይህን ጥቂት ጊዜ የሰጡን የማን አምሳያ እንደሆነችና እንዴት እንደ ተሠራች እንድንናገር ነው። ሥራው ካልተነገረለት በቀር ትንሽ መርከብ ያየ ሰው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ያየ ይመስለዋልና።

በመጀመሪያ ስለ እውነተኛዪቱ መርከብ እንናገር። እርሷ የተሠራችው በአሜሪካን አገር፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ ከመሥሪያው ወደ ውሃ የወረደችው በመስከረም ወር 1935 ዓ. ም. ነው፤ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 መሆኑ ነው። የፊተኛው ስሟ ኦርካ ይባል ነበር። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ፣ የተሠራችበት ዓላማ በባሕር ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች እንድትረዳ ነው። ቤንዚንና መለዋወጫ ዕቃ፣ ለበራሪዎቹም ማደሪያ ይዛ፣ የአውሮፕላን ጣቢያ በሌለበት ባሕር ሁሉ ራሷ ጣቢያ ትሆን ነበር ማለት ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካገለገለች በኋላ በጥር ወር 1954 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ስሟም ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ በጎኗም ላይ ኤ 01 የሚል ቍጥር ተጻፈባት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የባሕር ኀይላችን ታላቋ መርከብና የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በምጽዋ በየዓመቱ ይከበር በነበረው የባሕር ኀይል በዓል ላይ የውጭ አገር የጦር መርከቦች በእንግድነት ሲመጡ፣ ከነርሱ ጋራ የምትቆመው የቤቱ ባለቤት እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ አጭር ነው። በግንቦት 1983 ዓ. ም. የቀሩት መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ሲሸሹ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሄደች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ለብረት ተሽጣ ተሰባበረች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ባሕር ኀይሉም በ1996 ፈረሰ፤ እንደገና የማቋቋሙ ሥራ የተጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህችን መርከብ ዛሬ ሄዶ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት ቦታ የለውም።

አንዳንድ ሰዎች «ባሕር የሌለው አገር ልጆች የጦር መርከብ ምን ያደርግላቸዋል? ለምን የጣናን ታንኳ አትሠሩም?» ይሉናል። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። የጣና ታንኳ ግን ዛሬም በሕይወት አለች። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ደንገሉ ሲታጨድ፣ ሲደርቅና ሲታሰር በዐይኑ ሊያይ፣ ባለሙያውንም ቀርቦ ሊጠይቅ ይችላል። ታንኳዪቱ ትቆየናለች። «ኢትዮጵያ» ግን አትቆይም። ብረቷ ከቀለጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በላይዋ ያገለገሉትም ሰዎች ሸምግለዋል፤ ከነርሱ በኋላ የሚቀረው ወሬና ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ይህን ስንል የወደብ ነገር ለማንሣት አይደለም። ምጽዋና አሰብ የኤርትራ ወደቦች ናቸው፤ እኛም የፖለቲካ ክበብ አይደለንም። አንድ ትልቅ ዕቃ ነበረ፤ ልኩ ምን ያህል እንደ ነበረ በእጃችን ለማወቅ ፈለግን፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሞዴል የሚሠራ ሰው ገና ዕንጨት ሳይቈርጥ መወሰን ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የመርከቢቱን የትኛውን ዘመን ነው የምሠራው? የሚለው ነው። መርከብ እንደ ሰው በየጊዜው መልኳ ይለወጣል። በጦርነት ላይ የነበረችው ኦርካና በምጽዋ ዕጩ መኰንን ያሠለጠነችው «ኢትዮጵያ» አንድ አካል ይሁኑ እንጂ አንድ መልክ አልነበራቸውም። ከዚህኛው ዘመን መድፉን፣ ከዚያኛው ዘመን ምሰሶውን የወሰደ ሰው በዓለም ላይ ኖራ የማታውቅ መርከብ ይሠራል። እኛ የመረጥነው ለኢትዮጵያ ከተሰጠች በኋላ ያለውን የማሠልጠኛነት ዘመኗን ነው።

ለሥራው የጠቀመን ሌላው ነገር መርከቢቱ እኅቶች ያሏት መሆኗ ነው። የዚህ ዓይነት መርከብ ከ30 በላይ ተሠርቷል፤ የብዙዎቹም ፎቶግራፍ በአሜሪካን ባሕር ኀይል የታሪክ መዝገብ ይገኛል። የአንዲቱ ፎቶግራፍ የሸሸገውን የሌላዪቱ ይገልጠዋል። ነገር ግን እኅትማማቾቹ በአካል አንድ ቢሆኑም ዕጣቸው ለየብቻ ነው። ከነርሱ አንዳንዶቹ የአሜሪካን የባሕር ዳር ጠባቂ ሆነዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ መንገደኛ ማመላለሻ ሆነዋል፤ በየዕጣቸውም ከወለሉ በላይ ያለው ዕቃቸው ተለዋውጧል። ስለዚህ ከእኅቶቿ የወሰድነው ከወለል በታች ያለውን የአካሏን ቅርጽ ብቻ ነው። ከወለል በላይ ላለው የራሷ የ«ኢትዮጵያ» ፎቶግራፍ ካልመሰከረ በቀር ምንም አልጨመርንም። ሌላ አምሳያ ያየ ሰው ወለሏ ትንሽ ባዶ ቢመስለው ምክንያቱ ይህ ነው። ያማረ ውሸት ከመለጠፍ ባዶ ወለል መተው ይሻላል ብለን ተስማማን፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ክበባችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክሯል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። እውነተኛዪቱ መርከብ ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ያህል ነበር። እኛ የያዝነው እስኬል አንድ ለመቶ ነው፤ ማለት አንዱ ሜትር በእኛ ዘንድ አንድ ሣንቲ ሜትር ሆነ። በመርከብ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ርዝመትና ወርድ መሆኑን ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ እናውቃለን። የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30 ክንድ ነበር፤ ስለዚህ ርዝመቷ የወርዷን ስድስት እጥፍ ይሆናል። የ«ኢትዮጵያ» ርዝመት ግን የወርዷን ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። የኖኅ መርከብ ጭነት ይዛ ለመንሳፈፍ፣ ይህችኛዋ ደግሞ ለመሮጥ የተሠሩ መሆናቸውን ከዚሁ ከቍጥሩ ብቻ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ርዝመትና ወርድ መርከብ አያደርግም። ሣጥንም ርዝመትና ወርድ አለው። የመርከብ ምሥጢር ከፊት እንደ ቢላ የሚጀምረው አካል ወደ መካከል ሲሄድ እንዴት እየሰፋ እንደሚመጣ፣ ወደ ኋላም እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ነው። ይህን በወረቀት ለማስፈር ሁለት ዓይነት አቈራረጥ አለ። አንድ ድፎ ዳቦ በሐሳባችሁ ያዙ። ከላይ ወደ ታች በየጣቱ ልክ ብትቈርጡት የእያንዳንዱ ቍራጭ ፊት የዳቦውን ከፍታና ጎን ያሳያል። በአግድም፣ እንደ እንጀራ ንብብር በያነባበሩ ብትቈርጡት ደግሞ እያንዳንዱ ንብብር ዳቦው በዚያ ከፍታ ላይ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይነግራችኋል። የመርከብ ነዳፊዎች ሁለቱንም ይሥላሉ፤ ሁለቱም ሥዕሎች እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። በአንደኛው ሥዕል ላይ አንድ ነጥብ በግማሽ ሚሊ ሜትር የተዛባ እንደሆነ በሁለተኛው ሥዕል ላይ ጕብጥ ብሎ ይታያል። የጂኦሜትሪ መምህራችን ይህን ሲያዩ በሰሌዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሊያስረዱን የደከሙበት ነገር በአንድ ሳምንት እንደ ገባን ነግረውናል። እኛ ግን ሞረድ የያዘ ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ ይሆናል አንልም፤ ከእኛም መካከል እስከ ዛሬ ድረስ ሒሳብ የሚያስቸግራቸው አሉ።

ስለ ዕንጨቱ ጥቂት መናገር እንፈልጋለን። እርጥብ ዕንጨት ለሞዴል አይሆንም። ዛሬ ቀና ብሎ የተላገ ሳንቃ ከሦስት ወር በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ከርሱም ጋራ መርከቢቱ ትጣመማለች። የሚፈለገው ለብዙ ዓመት ጥላ ውስጥ የኖረ፣ መንቀሳቀሱን የጨረሰ ዕንጨት ነው። እንዲህ ያለውን ዕንጨት በገበያ ፈልገን ዋጋው የማይቀመስ ሆነብን። በኋላ ያገኘነው ከዕቃ ቤታችን ነው። እግራቸው ተሰብሮ የተከመሩ የጥንት የተማሪ ዴስኮች ነበሩ፤ የላይ ሳንቃቸውም የዋንዛ ነበር። ዋንዛ ለመሮና ለሞረድ ገር ነው፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም፤ አባቶቻችን ለከበሮና ለቤት ዕቃ የመረጡት በከንቱ አይደለም። ክቡር ዲሬክተራችን ስድስት ዴስክ ፈቀዱልን።

በዴስኮቹ ላይ ከእኛ በፊት በዚህ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች በቢላ የቀረጹት ስምና ዓመተ ምሕረት፣ የሒሳብ መልስ፣ አንዳንድ ቦታም የመምህር ሥዕል ነበረበት። በውጭ በኩል የሚውለውን ሁሉ መላጊያው ወሰደው። በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የሚውለውን ግን ሳንልግ ተውነው። አሁን ወለሉ ተከድኖበታልና አይታይም፤ ነገር ግን እዚህ ካላችሁት የቀድሞ ተማሪዎች ምናልባት የአንዳንዳችሁ ስም እዚያ ውስጥ ይኖራል።

ሥራው የሄደው እንደሚከተለው ነው። ዘጠኝ ሳንቃ፣ እያንዳንዱን አንድ ሣንቲ ሜትር ውፍረት አድርገን ላግን። አንዱ ሳንቃ የአንድ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ የዚያን ከፍታ ቅርጽ ሥለን በቀጭን መጋዝ ቈረጥን። የላይኛዎቹ ሁለቱ እስከ ኋላ ጫፍ አይደርሱም፤ የመርከቢቱ ፊትና መካከል ከፍ ያለ፣ የኋላዋ ወለል ዝቅ ያለ ነውና። ከታችኛው በቀር የሌሎቹን መካከላቸውን አወጣን፤ ይህን ያደረግነው መርከቢቱ ቀላል እንድትሆንና ዕንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። ከዚያ በኋላ በኮላ እያነባበርን በሞርሳ አጥብቀን አሰርናቸው። ሲጣበቁ የአንዱ ጅማት ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ኋላ እንዲሆን አድርገናል። አንዱ ሳንቃ ወደ ግራ ሊጣመም ቢሞክር ጎረቤቱ ወደ ቀኝ ይይዘዋል።

ሞርሳው ሲፈታ የመርከቢቱ ጎን ደረጃ ደረጃ ሆኖ የኮንሶን እርከን ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። የየደረጃው ውስጠኛ ማዕዘን የመርከቢቱ እውነተኛ ቅርጽ ነው፤ ከርሱ ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ዕንጨት ነው። ሠራተኛው ትርፉን ይወስዳል፤ ማዕዘኑን ግን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። እጅ ግን የጀመረችውን ማቆም አትወድም። መሮው ሲሳል፣ ዕንጨቱም እንደ ቅቤ ሲላጭ፣ ሰው በደስታ ብዛት ከማዕዘኑ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከማዕዘኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀር መሮውን አስቀምጦ ሞረድ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀር ሞረዱን አስቀምጦ ብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ አንድ ሚሊ ሜትር በእውነተኛዪቱ መርከብ ላይ አሥር ሣንቲ ሜትር መሆኑን ያስታውሷል።

ዐይንም ብቻውን አይታመንም። ከካርቶን አሥር ፎርማ ቈርጠናል፤ እያንዳንዱም መርከቢቱ በዚያ ቦታ ላይ ሊኖራት የሚገባው የግማሽ ጎኗ ቅርጽ ነው። የፎርማውን ጠርዝ ከሰል ቀብተን ከጎኗ እናስጠጋለን፤ ከፍ ብሎ የቀረው ዕንጨት ጥቁር ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቡን ብቻ እንሞርዳለን፤ ደግመን እናስጠጋለን። ፎርማውን ገልብጠን ደግሞ በሌላው ጎን እንዲሁ እናደርጋለን። በዚህ ዓይነት ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ አካሏን ብቻ ስንሠራ ቆየን። በመጨረሻ በዕንጨቱ መካከል የታዩት የኮላ መሥመሮች፣ በጂኦግራፊ ካርታ ላይ የተራራ ከፍታ እንደሚያሳዩት መሥመሮች፣ በቀኝም በግራም አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው ሲዞሩ አየን። ቀለም ስንቀባባት በጣም ያዘነው ለነዚህ መሥመሮች ነው።

ከወላጆቻችን መካከል ይህ ሁሉ ጊዜ ለመልቀቂያ ፈተና ጥናት ቢውል ይሻል ነበር የሚሉ መኖራቸውን እናውቃለን። ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ለዚህም ስንል የሠራነው በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ነገር ግን «አናጢ ልትሆኑ ነው ወይ?» የሚለውን አነጋገር አንቀበልም። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ. ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን የሰማ አይመስልም።

ወደ ሥራው እንመለስ። አካሏ ካለቀ በኋላ ከባሕር ኀይል በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አባት ሊጐበኙን መጡ። እሳቸው የመከሩን ምክር ከመጽሐፍ ካገኘነው ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሰው ቅረጹና ማናቸውንም ነገር በርሱ ለኩት አሉን። ከወይራ ዕንጨት ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰው ቀረጽን፤ በእውነተኛው ልክ አንድ ሜትር ከሰባ ማለት ነው። ስሙንም ባሕረኛው አልነው። ከዚያ በኋላ በር ስንሠራ ባሕረኛውን በሩ ላይ እናቆመዋለን፤ ራሱን ካልመታው በሩ ልክ ነው። መሰላል ስንሠራ እግሩ ከርከን ወደ እርከን መድረሱን እናያለን። የወለሉ ዳር መደገፊያ ብረት ከወገቡ በላይ መሆን አለበት፤ ውፍረቱም በእጁ የሚጨበጥ መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ በእጅ የሚጨበጥ አራት ሣንቲ ሜትር ብረት በእኛ ልክ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሽቦ ነውና። ቀለሙም ቢሆን እንዲሁ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ወፍሮ የተቀባ ቀለም ባሕረኛው ቢያየው የአምስት ሣንቲ ሜትር ልስን ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቀለሙን እጅግ አቅጥነን አራት ጊዜ ቀባን፤ በየመካከሉም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው።

እኒያ አባት ከመሄዳቸው በፊት ዝቅ ባለው የኋላ ወለል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። እኛም አልጠየቅናቸውም።

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። የፊቱ መድፍ አፉ 127 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው፤ በእኛ ልክ አንድ ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ስለሚሆን በጋለ መርፌ የተበሳ ቀርከሃ ነው፤ ርዝመቱ ከአምስት ሣንቲ ሜትር ትንሽ ያንሳል። የጢስ ማውጫዋና ማዘዣ ቤቷ ዝግባ ነው። ከኋላ ከውሃ በታች ያሉት ሁለቱ ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎች ከቆርቆሮ ጣሳ ተቈርጠው የተጠመዘዙ ናቸው። የመልሕቋ ሰንሰለት ከስልክ ሽቦ የወጣ መዳብ ነው። ገመዶቿ የጥጥ ክር ናቸው፤ የጥጥ ክር ጠጕር ስለሚያወጣና በዚህ እስኬል ጠጕሩ የገመድ ያህል ስለሚታይ፣ እያንዳንዱን ክር በንብ ሰም አሽተነዋል። ይህ ሥራ የብዙ እጅ ትዕግሥት ጠይቋል፤ አብዛኛውንም የሠሩት የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች ናቸው፤ እኅቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጣታቸው የረጋ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጨረሻ ፈተናው መጣ፤ ማለት ውሃው። ብዙ ሰው ሞዴል መስሎ ከታየ በቂ ነው ይላል። ውሃ ግን መልክ አያይም። እውነተኛዪቱ መርከብ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከ2,500 ቶን በላይ ትመዝን ነበር። አንድ ለመቶ ስትሠራ ርዝመቷም ወርዷም ከፍታዋም እያንዳንዱ መቶ ጊዜ ስለሚያንስ፣ ክብደቷ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ የእኛ መርከብ ከሁለት ኪሎ ተኩል ጥቂት ከፍ ስትል በውሃ ውስጥ የምትሰጥመው አራት ሣንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ቀዩ ቀለምና ግራጫው ቀለም የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። አካሏን አወፍረን ሠርተናት ከሆነ ውሃው ከመሥመሩ በታች ይቀራል፤ አሳስተናት ከሆነ ከመሥመሩ በላይ ይወጣል።

ሚዛኑን ለመሙላት የሚጨመረው የእርሳስ ብረት የሚቀመጥበት ቦታ ቀልድ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 በስዊድን አገር ቫሳ የተባለች 64 መድፍ የጫነች አዲስ የጦር መርከብ ከስቶክሆልም ተነሥታ 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ነፋስ አጋድሏት፣ ውሃ በመድፍ መስኮቶቿ ገብቶ ሰጠመች። ከላይ ከብዳ ከታች ቀልላ ነበርና። በ1961 ከባሕር ወጥታ ዛሬ በሙዚየም ትታያለች። የዚያን ጊዜ መርከብ ሠሪዎች ሚዛኑን አስቀድመው የሚያሰሉበት ዘዴ አልነበራቸውም። እኛ እርሳሱን ሁሉ በታችኛው ሳንቃ ላይ፣ በመካከለኛው መሥመር አስተኝተን በኮላ አሰርነው።

ትልቁን የወጥ ቤት ገንዳ ውሃ ሞላንና አወረድናት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ፊቷ አዘነበለች፤ አንድ የእርሳስ ቍራጭ ከፊት ወደ ኋላ ስናዛውር ቀጥ አለች። ውሃው በቀዩና በግራጫው መካከል፣ ዙሪያዋን ሙሉ ቆመ። በጣታችን ወደ ጎን ገፋ ስናደርጋት ተመልሳ ትቆማለች። አካሏ ልክ መሆኑን ያመንነው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረን ተስፋ እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ለታናናሾቻችን እንጨምር፤ መጎተት ይወዳሉና። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ1872 በቶርኪ የሙከራ ገንዳ ሠርቶ የመርከብ ሞዴሎችን በውሃ ላይ እየጎተተ መርምሯል። ከርሱ እንደ ተማርነው መቶ ጊዜ ያነሰች ሞዴል እንደ እውነተኛዪቱ ያለ ሞገድ እንድታነሣ መሄድ የሚገባት መቶ ጊዜ ቀስ ብላ ሳይሆን ዐሥር ጊዜ ቀስ ብላ ነው፤ ዐሥር ጊዜ ዐሥር መቶ ስለሆነ። «ኢትዮጵያ» በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። የእኛዋ ስለዚህ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ትሄዳለች፤ ይኸውም የማይቸኵል ሰው አካሄድ ነው። በዚህ ፍጥነት ስትጎተት ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የሚነሣው ሞገድ ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ነው። ከዚህ በላይ የፈጠነ ሰው መርከብ ሳይሆን ጀልባ ነው የሚጎትተው።

ከዛሬ ጀምሮ መርከቢቱ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ትቀመጣለች። አሥሩ የካርቶን ፎርማዎች፣ ሥዕሎቹና ባሕረኛው ከሣጥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ቍልፉም በቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ዘንድ ነው። የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ አስከፍቶ፣ ፎርማውን በተጻፈበት ቍጥር ላይ ከጎኗ አስጠግቶ፣ ከወዲያ በኩል መብራት ያብራ። በፎርማውና በዕንጨቱ መካከል ብርሃን ሲያልፍ ያየ ቍጥሩን ጽፎ ለክበባችን ይስጠን።